ሳንባውን ለውሻ አትጣሉት

ከሁለት ዓመት በፊት የፋሲካ ዕለት ነው። በጉ ታርዶ፣ ተገፎ፣ ሥጋው እየተበለተ ሳለ ባለቤቴ እንደ ወትሮው ሳንባውን ከነአየር ቧንቧው አንስቶ ለውሻው ሊወረውር ሲል፣ ልጃችን «አባዬ ቆይ! እሱን ለእኔ!» ብላ ከቤት ሮጣ ወጣች። ያኔ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበረች። በረንዳው ላይ ቡና የምትቆላው እናቴ «ኧረ ምን ልታደርጊው ነው? እሱ እኮ አይበላም» አለቻት።

ልጄ መልስ አልሰጠችም። የታናሽ ወንድሟን የብስክሌት ጎማ መንፊያ አመጣች። የመንፊያውን ቱቦ በበጉ የአየር ቧንቧ ውስጥ አስገብታ በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አሰረችውና ቀስ እያለች መንፋት ጀመረች። ያ ተጨማዶ የተቀመጠ ሥጋ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጥቁር ቀይ የነበረው መልኩ ወደ ሮዝ ተለወጠ። መንፋቱን ስታቆምና አየሩን ስትለቀው ማንም ሳይጫነው በራሱ ተሸብሽቦ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሕፃናቱ ከበው «ድገሚው! ድገሚው!» አሉ። እናቴ የቡና መቁያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ይሄን ሁሉ ዓመት በግ ሲታረድ አይቼ ይሄን አላየሁም» አለች።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። የሕክምና ተማሪዎች ሳንባ እንዴት እንደሚሠራ ሲማሩ የበግ ወይም የከብት ሳንባ እየተነፋ ማየታቸው በብዙ አገር የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲህም ልጄ ስለ ሳንባ የተማረችውን ቤት ይዛ ስትመጣ፣ አብዛኛው በቤት ዕቃ የሚሠራ ሆኖ አገኘሁት። የውኃ ፕላስቲክ፣ ጋን፣ ስትሮ፣ የስልክ ሰዓት። ሐኪም ለመሆን የሚማሩት ነገር ለወላጅና ለአያትም የሚሆን እንደሆነ በደንብ የገባን ግን ዘንድሮ ክረምት ላይ፣ የወንድሜ ልጅ በታመመ ጊዜ ነው።

ጉበት የመሰለ ሳንባ

መጀመሪያ ወደ በጉ ልመልሳችሁ። ልጄ ከሳንባው ትንሽ ቁራጭ፣ ከጉበቱም ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ በሳፋ ውኃ ውስጥ ጣለቻቸው። ጉበቱ ሰመጠ። ሳንባው ተንሳፈፈ። «እማማ ይዩ፤ ሳንባ ውስጡ አየር ስለሆነ አይሰምጥም» አለች።

የአየር ቧንቧችን ደረት ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። ቅርንጫፎቹም እንደገና ለሁለት ለሁለት እየተከፈሉ፣ እንደ ተገለበጠ ዛፍ ከ20 ጊዜ በላይ ይመነዘራሉ። ጫፋቸው ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። በአንድ አዋቂ ሰው ሳንባ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ግድግዳቸው ተዘርግቶ ቢነጠፍ ከ70 ካሬ ሜትር አያንስም፤ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ወለል ማለት ነው። በዚህ ስስ ግድግዳ አንዱ ጎን አየር፣ በሌላው ጎን ደም አለ። ደሙ በዚያ የሚያልፈው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢሆንም ኦክስጅኑን ለመያዝ ይበቃዋል። ሕፃን ሲወለድ ከእነዚህ ከረጢቶች የሚኖሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ከተወለደ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ልጁ የሚስበው ጭስ ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ውስጥ እንደሚገባ ጭስ ነው።

ሳንባ ምች ማለት እነዚህ ከረጢቶች በአየር ፋንታ በመግልና በፈሳሽ ሲሞሉ ነው። እንደ ስፖንጅ የነበረው ክፍል ይጠጥራል፤ ይከብዳል፤ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ቢጣል ይሰምጣል። የጥንት ሐኪሞች ይህን ደረጃ «ጉበት መምሰል» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተውታል፤ ዛሬም ተማሪዎች በዚያው ስም ይማሩታል። የበግ ጉበትና ሳንባ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የለም።

ለእኛ አገር ተማሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ቁጥሮች በአብዛኛው የተለኩት በባሕር ጠለል አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት፣ ከእሱም ጋር የምንስበው ኦክስጅን፣ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኞች የደማቸው ኦክስጅንም ሆነ ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ደቡብ አሜሪካውያን ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ልጄ ይህን ስትነግራት እናቴ ደስ ብሏት «እኛስ ድሮም ደገኛ ነን» አለች።

የውኃ ፕላስቲኩ

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው በውኃ ፕላስቲክ ነው። ልጄ የፕላስቲኩን ቂጥ ቆርጣ ጣለች። ፊኛ አንገቱ ላይ አስራ ወደ ውስጥ አስገባች። የተቆረጠውን ቂጥ በጓንት ላስቲክ ወጥራ ሸፈነችው። ላስቲኩን ወደ ታች ስትስበው ውስጥ ያለው ፊኛ ማንም ሳይነፋው ተነፋ።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሳንባ በራሱ ጉልበት አይነሣም፤ የሚስበው ጡንቻ የለውም። ሥራውን የሚሠራው ከሥሩ ያለው፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው። የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ያግዙታል። ሕፃናት ግን የጎድን አጥንታቸው ገና ለስላሳ ስለሆነ ከሞላ ጎደል የሚተነፍሱት በዚህ ጡንቻ ነው። የተኛ ሕፃን ሆዱ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው። ሆዱና ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርገን በመቀነት ወይም በጨርቅ ስንጠቀልለው የፕላስቲኩን ላስቲክ እንደያዝነው ይቆጠራል።

የፕላስቲክ ነገር ከተነሣ፣ ተማሪዎቹ ሁለት ታሪክ ይነገራቸዋል። ሞሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባሉ የባንግላዴሽ ሐኪም ውድ የመተንፈሻ ማሽን በማይገኝበት ሆስፒታል፣ ከባድ ሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት የሚረዳ መሣሪያ ከሻምፑ ጠርሙስ ሠሩ። ሕፃኑ ኦክስጅን እየሳበ የሚያስወጣው ትንፋሽ በቱቦ አልፎ በጠርሙሱ ውኃ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ይህ የሚፈጥረው ትንሽ ግፊት የአየር ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ያደርጋል። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ በኋላም ዘዴው በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተሞክሯል። ሌላዋ ደቡብ አፍሪካዊቷ ሐኪም ሄዘር ዛር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የአስም ፓፍ ለልጆች ሲሰጥ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በልኩ ተበስቶ ቢገጠምለት ተገዝቶ ከሚመጣው ዕቃ እኩል እንደሚሠራ አሳይተዋል።

ጋኑ

አራተኛ ዓመት ስትገባ ሆስፒታል ውስጥ በየክፍሉ መዞር ጀመረች። የሚማሩት በሽተኛው አልጋ አጠገብ፣ ሲኒየር ሐኪሞች ራውንድ ሲያደርጉ ቆመው ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መዳሰስ፣ ቀጥሎ በጣት መምታት፣ መጨረሻ ማዳመጥ። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትሮጠው ልጅ መጀመሪያ እጇን ኪሷ ከትታ እንድታይ ትገደዳለች።

በጣት መምታቱ ቤታችንን በጠበጠው። እራት ላይ ጠረጴዛውን፣ ማታ ግድግዳውን፣ ጠዋት የወንድሟን ጀርባ ትመታለች። የግራ እጇን ጣት አስቀምጣ በቀኝ ጣቷ መታ መታ። አየር ካለበት ክፍት ድምፅ፣ ፈሳሽ ከሞላው ድፍን ድምፅ ይሰማል። እናቴ ትንሽ አየቻትና ጓዳ ገብታ ጋኑን በጣቷ መታች። «እኔ ጠላው የት እንደደረሰ ሳልከፍተው የማውቀው እንዲህ አይደል?» አለች።

እውነቷን ነው። ይህን ዘዴ ለሕክምና ያመጣው ሊዮፖልድ አውንብሩገር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር። የወይን በርሜል እየተመታ ምን ያህል እንደቀረው ሲለይ እያየ እንዳደገ ይነገራል። መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1761 ነው። ማዳመጫው የመጣው ከዚያ 55 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ነው። ሬኔ ላኤኔክ የተባለው ሐኪም ጆሮውን በአንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ መለጠፍ ቢያሳፍረው ወረቀት ጠቅልሎ በዚያ አዳመጠ። እሱ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

በእኛ አገር በሳንባ ዙሪያ ውኃ ለመቋጠሩ የሳንባ ነቀርሳ ዛሬም አንዱ ዋና ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ የሚያጠኑት ሕግ ለቤተሰብም ይሠራል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ በተለይ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተጨመረበት፣ አክታ መመርመር አለበት። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

የሚያስተምሯቸው ባለሙያዎች ቁጥር ግን ለረጅም ጊዜ በጣም ትንሽ ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪሞች በሳንባና በጽኑ ሕክምና ተጨማሪ የሁለት ዓመት ሥልጠና መውሰድ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ስልሳ ሰከንድ

አሁን ወደ ክረምቱ ልምጣ። ነሐሴ ላይ የወንድሜ ልጅ፣ የ9 ወር ሕፃን፣ ሦስት ቀን ሳለ። አፍንጫው ይፈሳል፤ ሰውነቱ ይግላል። እናቴም እኔም ያልነው አንድ ነገር ነው፤ «ብርድ መቶት ነው።» እናቴ በፎጣ ላይ ፎጣ፣ በዚያ ላይ ጋቢ ደርባ ጠቅልላ ታቀፈችው። እናቱ ወደ ሐኪም እንውሰደው ስትል «ነገ እንየው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ማታ ስትመጣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ልብሱን ግለጡልኝ» አለች። እናቴ ተቆጣች። «ጭራሽ ብርድ ልታስመቺው?»

«አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እማማ።»

ማዳመጫዋን አላወጣችም። ያወጣችው ስልኳን ነው። ሕፃኑ ማልቀሱን እስኪያቆም ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ሆዱና ደረቱ ላይ ተክላ ሙሉ 60 ሰከንድ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። 62። «በዚህ ዕድሜ 50 ከደረሰ በዛ ይባላል» አለች። በዚያው ሌሊት ወሰድነው። ሳንባ ምች ነበር። ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ስላልጀመረ ሳይተኛ በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ታዞለት፣ መቼ መመለስ እንዳለብን ተነግሮን ወደ ቤት ገባን። በሦስተኛው ቀን የእናቴን ነጠላ እየጎተተ ይጫወት ነበር።

እኔ ግን ያን «ነገ እንየው» ያልኩትን ረስቼው አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ከ740 ሺህ በላይ ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል።

ልጁ ለምን ቶሎ ቶሎ ተነፈሰ? የተወሰኑት ከረጢቶች ስለተደፈኑ የቀሩት የእነሱንም ሥራ ይሠራሉ። የጠጠረ ሳንባ በጥልቀት መሳብ ስለሚከብደው ሰውነት አጭር አጭር ትንፋሽ ያበዛል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከሳሉ ድምፅ ይልቅ የሚታመነው። ሙሉ ደቂቃ የሚቆጠረው ደግሞ ሕፃናት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ስለሚሉ ነው፤ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጤና ኬላ ላይ የሚቆጥሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱና ሆዱ ተገልጦ በደቂቃ፦

• ከ2 ወር በታች ከሆነ፦ 60 እና ከዚያ በላይ፤

• ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፦ 50 እና ከዚያ በላይ፤

• ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ፦ 40 እና ከዚያ በላይ

ከተነፈሰ ፈጣን ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መቁጠርም አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ ይወሰድ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲታመምም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ልጁ ካላማራችሁም ውሰዱት።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ነገር ጠይቃለች። ዝንጅብልና ማር ለሳል እንዴት ነው? ማር ለትልልቆቹ ልጆች ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ 1 ዓመት ላልሞላው ግን አይሰጥም። ለአራስ ቅቤ ማዋጥስ? ቅባት ጉሮሮን ሳያስስል ሾልኮ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ ራሱ ሳንባ ምች ያመጣል። እንጥል ማስቆረጥስ? ሳልን አያድንም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት ግን የልጁን ካርድ አውጥቶ ማየት የሚገባው ነገር ነው።

ስትሮው

አንድ ቀን ልጄ ለሁላችንም አንዳንድ ቀጭን ስትሮ አደለችን። «አፍንጫችሁን ያዙና በዚህ ብቻ ተንፍሱ።» ከአስም ነፃ የሆንነው ሞከርነው። መሳቡ ይቻላል፤ መጨረስ የማይቻለው ማውጣቱ ነው። ያላወጣነው አየር ውስጥ እየቀረ ደረታችን ተወጠረ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ሁላችንም ስትሮውን ጣልነው። አስም ሲነሣ የአየር ቱቦዎቹ የሚጠቡት እንዲህ ነው። ፓፍ ይህን ቱቦ የሚከፍት ነው። «ሱስ ያስይዛል»፣ «የመጨረሻ ጊዜ የሚሰጥ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። መድኃኒቱ በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ከሚዋጠው ባነሰ መጠን ይሠራል። በየቀኑ እንዲወሰድ የታዘዘውን ልጁ ሻል ሲለው ማቆም ነው አደገኛው።

እናቴ ስትሮውን ከአፏ አውጥታ «እኔ ዳገት ስወጣ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ዓመታት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስትስል «የእርጅና ነው» ስትለን ተቀብለናት ነበር። እናቴ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ መስኮት በሌለው ማድ ቤት በእንጨትና በኩበት እንጀራ ጋግራለች። ተማሪዎች ለረጅም ጊዜ የአየር ቱቦ የሚያጠበውን በሽታ ሲማሩ በውጭ መጻሕፍት ያለው ምክንያት በዋናነት ሲጋራ ነው። እኛ አገር ሲመጡ ግን «ምን ላይ ነው ያበሰሉት?» ብለው እንዲጠይቁ ይነገራቸዋል።

ስፓይሮሜትሪ ወደሚባለው ምርመራ ወሰድናት። በረጅሙ ስባ ባላት ኃይል እንድትነፋ ተደረገ፤ መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ ምን ያህል አየር እንዳወጣች ለካ። ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቱቦዋ ጠቧል። አሁን የሚነፋ መድኃኒት አላት። የጠፋው ሳንባ አይመለስም፤ ዳገቱን ግን ሁለት ጊዜ ዐርፋ ትወጣዋለች፤ ድሮ አምስት ጊዜ ነበር።

ከሰሉ

የመጨረሻው ለክረምትና ለአራስ ቤት ነው። ለማሞቅ ተብሎ የሚገባው ከሰል ቀይ ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ደም ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ተማሪዎች በደንብ እንዲይዙት የሚደረገው አንድ ወጥመድ አለ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጋዙ ይታለላል፤ ሰውየው እየታፈነ ቁጥሩ ደህና ያሳያል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር? ሌላውም ሰው ራሱን አሞታል?» ብሎ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው። ከሰል ተይዞ መተኛት ግን ከናካቴው መቅረት አለበት። እኛ ቤት ቡናው አሁን በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው።

ልጄ ለወንድሜ ቤት አንድ የቤት ሥራ ሰጥታለች። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሲተኛ አንዳንድ ማታ ይቁጠሩለት፤ የደህናውን ቀን ቁጥር ያወቀ ሰው የታመመውን ቀን ቶሎ ይለየዋል። ሥራውን የወሰደችው እናቴ ናት። የስልኩን ሰዓት መክፈት ስለማትወድ የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋው ፊት ለፊት አሰቅላለች። ትናንት ማታ ልጄ ሆስፒታል ተረኛ ነበረች። ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ደወለችላትና ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ «34 ነው፤ ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ» ብላት ዘጋች።